ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ከሩቅ ሆኖ ስለ መግዛት



በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥርሷን ያያል፤ ኮቴዋንም አንሥቶ ይመረምራል፤ ጥቂትም ያስኬዳታል፤ ከዚህም በኋላ ሻጩ ዋስ እንዲጠራ ያደርጋል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ዛሬ ግን ገበያው በእጅ በሚያዝ ስልክ ውስጥ ስለ ገባ፤ ብዙ ሰው ዐይኑ ያላየውን፤ እጁም ያልዳሰሰውን ዕቃ ይገዛል። በዚህ ነገር ቤታችን ያገኘውን ጉዳትና ትምህርት መጻፋችን፤ ልጆች ላሏቸው ቤተ ሰቦች ሁሉ ይጠቅማል ብለን አስበናል።

እኛ በአቀስታ ከተማ የምንኖር፤ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራም የምንተዳደር ነን። የበኩር ልጃችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ክራር ይመታል። ይህም በወሎ ምድር ለተወለደ ሰው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዜማችን ከሚቃኝባቸው ከአራቱ ቅኝቶች፤ ማለት ከትዝታ፤ ከባቲ፤ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል፤ ባቲና አምባሰል የዚሁ የወሎ ስፍራዎች ስም ናቸውና። ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመት በሞላው ጊዜ ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ተመኘ። በሮሃ ባንድ ጊታር ይመቱ የነበሩትን የአቶ ሰላም ስዩምን አጨዋወት በስልክ እየሰማ፤ «አባዬ፤ ክራሬ የሚለውን ሁሉ ይህም ሊለው ይችላል» ይለን ነበር።

በመጀመሪያ ነገሩን አልወደድነውም። ይሁን እንጂ ልጁ ከግልገልነት ጀምሮ ያሳደጋቸውን ሁለት ሙክቶች ሸጦ ገንዘቡን በፊታችን ባስቀመጠ ጊዜ፤ ምኞቱ የአንድ ሰሞን እንዳልሆነ ተረዳን። በከተማችንም የሚሸጥ ስላላገኘን በስልክ ገበያ ፈለግን። አንድ በአዲስ አበባ ነኝ ያለ ሰው የቀይ ጊታር ሥዕል አሳየን፤ ዋጋውም ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ነበረ። «ሌላ ገዥ ዛሬ ማታ ሊወስደው ነው፤ ቀብድ ቢልኩልኝ አስቀምጥልዎታለሁ» አለን። ልጃችን «አባዬ፤ አስቀድሞ ሰው ይየው» ቢለንም፤ በርካሽነቱ ተታለልንና ከበጎቹ ዋጋ ላይ አራት ሺህ ብር ላክን። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ስልኩን የሚያነሣ አልተገኘም።

ቀኑን ሙሉ የውልና የክርክር ወረቀት የምንገለብጥ ሰዎች ሆነን ሳለን ይህን ማድረጋችን እጅግ አሳፈረን። ልጁ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። ስለዚህ ይቅርታ ለመንነው፤ ገንዘቡንም ከደመወዛችን እየቀነስን በሦስት ወር መለስንለት። አባት ልጁን ይቅርታ ቢለምን ክብሩ የሚጎድል የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ እኛ እንዳልጎደለብን እንመሰክራለን።

ለሁለተኛ ጊዜ ከመግዛታችን በፊት፤ የምንገዛው ምን እንደ ሆነ ለመማር ቈረጥን። የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር በሚባሉ ሰዎች ለገበያ ቀረበ። ከብረት ክሮቹ በታች ማግኔትና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ተቀምጧል፤ ክሩ ሲርገበገብ በጥቅልሉ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ይህም በገመድ ወደ ማጉያው፤ ማለት ወደ አምፕሊፋየሩ ሄዶ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ጊታሩን ብቻ የገዛ ሰው ግማሹን እንደ ገዛ ይወቅ፤ የማጉያውንና የገመዱን ዋጋ አስቀድሞ ይደምር።

ከዚህ በኋላ በአዲስ አበባ የሚኖረውን የእኅታችንን ልጅ ዐይንና እጅ እንዲሆነን ለመንነው፤ ጊታር የሚችል ጓደኛውንም ይዞ ሄደ። የመጀመሪያው ጊታር ሥዕሉ ያማረ ነበረ፤ ነገር ግን አንገቱ ከራሱ በሚጋጠምበት ስፍራ ተሰብሮ በሙጫ ተጣብቆ ስለ ተገኘ ተዉት። በሁለተኛው ላይ ግን አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ቀጥ ማለቱን አዩ፤ ፍሬት የሚባሉት የብረት ዘንጎች በክር ተበልተው እንዳይሆን ዳሰሱ፤ እያንዳንዱን ክር በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው፤ ሳይጫን ከሚሰጠው ድምፅ ጋር መስማማቱን መረመሩ፤ ከማጉያም ጋር አገናኝተው መቈጣጠሪያዎቹን ሁሉ አዞሩ። የታወቀ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት ሁሉ የዚያ ፋብሪካ ሥራ ስላልሆነ፤ ለስሙ ብቻ ዋጋ እንዳይጨምሩ አስጠንቅቀናቸው ነበር።

«ጋሼ፤ አንገቱ ደኅና ነው፤ አንዱ መቃኛ ግን ይላላል» ብሎ ደወለልን። ሻጩም ጕድለቱን ሳይክድ ከዋጋው ቀነሰ።

ክፍያውን በሚመለከት፤ ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በደቂቃ ከአገር ወደ አገር ይደርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ መላክ አያስፈልግም፤ ዕቃው በታመነ ሰው እጅ በገባባት በዚያች ደቂቃ መክፈል ይቻላልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጕድለት ኀላፊ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዥም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጕድለቱን እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። የተሰረቀ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ገዥው በቅን ልቡና ቢገዛውም ባለቤቱ ሊያስመልሰው ይችላል። ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት የወጣው አዋጅ ቍጥር 1205/2012 በስልክ የተጻፈ ቃል ኤሌክትሮኒክ ስለ ሆነ ብቻ ዋጋ ቢስ እንዳይባል ስለ ደነገገ፤ የመልእክቱን ልውውጥ ማጥፋት አይገባም። እኛም ይህን ሁሉ አስበን፤ የሻጩ ስምና የጊታሩ መለያ ቍጥር የተጻፈበት አጭር ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈረም አደረግን።

ጊታሩ ክሮቹ ጥቂት ላልተው፤ አንገቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፤ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሳይጫን በደሴ በኩል መጣ። የደጋችን ብርድ ጽኑ ስለ ሆነና ድንገተኛ ሙቀት ቀለሙን ስለሚሰነጥቀው፤ ማኅደሩን እንደ ደረሰ አልከፈትነውም፤ በቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቈየነው። ልጁ ያን ጊዜ ሲጠብቅ የነበረውን ትዕግሥት አንረሳውም።

በማታውም የአምባሰልን ቅኝት ይዞ መምታት ጀመረ፤ ጎረቤቶቻችንም መጥተው በደጃፍ ቆሙ። በመካከሉ መብራት ጠፋና ማጉያው ዝም አለ። ልጃችን ጊታሩን በቀስታ አስቀምጦ ክራሩን ከግድግዳው አወረደ፤ ዜማውንም ካቆመበት ቀጠለ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ አዲስ ነገር ሲመኙ አትከልክሏቸው፤ ምክራቸውንም አትናቁ። ገበያው ቢለወጥም ዐይን፤ እጅና ዋስ ስለ አልተለወጡ፤ እነዚህን ሳትይዙ ወደ ገበያ አትውጡ።