የተዛቡ ሲግናሎችን በትይዩ ስሌት መፍታት፦ ዳሰሳ

በመዳብ ገመድ፣ በፋይበር ወይም በአየር የሚጓዝ ዲጂታል ሲግናል ከላኪው በወጣበት መልኩ ተቀባዩ ዘንድ አይደርስም። መዳብ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ከዝቅተኛው አብልጦ ያዳክማል። ፋይበር የተለያዩ የብርሃን ሞገዶችን በተለያየ ፍጥነት ያሳልፋል። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ከሕንፃና ከተራራ እየነጠረ፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። በሦስቱም ዘንድ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፦ አንዱ ምልክት ሳያበቃ ቀጣዩ ይመጣና ይደራረባሉ። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 ምልክቶች ሳይደራረቡ የሚላኩበትን ሁኔታ በሒሳብ አስቀመጡ። ክሎድ ሻነን በ1948 ረብሻ ባለበት መስመር ያለ ስህተት ሊተላለፍ የሚችለውን የመረጃ መጠን ጣሪያ አሳዩ። ወደ ጣሪያው በምን መንገድ እንደሚደረስ ግን ለተከታዮቻቸው ተተወ።

ከቀዳሚዎቹ መልሶች አንዱ የቤል ላቦራቶሪው ሮበርት ለኪ በ1965 ያቀረቡት፣ የመስመሩን ባሕርይ እየተማረ ራሱን የሚያስተካክል ኢኳላይዘር (መዛባትን የሚያቀና ማጣሪያ) ነው። ከዚህ ሌላ ቀድሞ የተለየውን ምልክት ተጠቅሞ፣ እሱ በቀጣዩ ላይ የጣለውን ጥላ የሚቀንስ የግብረ መልስ ኢኳላይዘር አለ። አንድሩ ቪተርቢ በ1967 ያወጡት አልጎሪዝም ደግሞ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ አይቸኩልም፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ተከታታይ ምልክቶች እያወዳደረ ከደረሰው ሲግናል ጋር በጣም የሚቀራረበውን ዱካ ይመርጣል። ዴቪድ ፎርኒ በ1972 ይኸው አልጎሪዝም ለተደራረቡ ምልክቶችም የተሻለውን ውሳኔ እንደሚሰጥ አሳዩ።

ዘዴዎቹ ለዝቅተኛ ፍጥነት ይበቁ ነበር። ችግሩ የመጣው ፍጥነቱ ሲያድግ ነው። የቺፕ የክሎክ ፍጥነት ከመስመሩ ፍጥነት ጋር እኩል ሊያድግ ስላልቻለ፣ ቀሪው አማራጭ በአንድ የክሎክ ምት ብዙ ምልክቶችን ጎን ለጎን ማስላት ሆነ። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የግብረ መልስ ኢኳላይዘርም ሆነ የቪተርቢ ዲኮደር የአሁኑን ለመወሰን የቀደመውን ውጤት ይፈልጋሉ። ማስያ ቢደረደር እንኳ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይጠብቃል። የዚህ ዘርፍ ዋና ቁም ነገር ማስያ ማብዛት ሳይሆን ይህን ጥገኝነት መፍታት ነው።

በ1999 የጸደቀው የመዳብ ጊጋቢት ኢተርኔት ችግሩን በቅርብ ያሳያል። አራት ጥንድ ሽቦዎች በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ በሰከንድ 125 ሚሊዮን ምልክቶች ያልፋሉ፤ ምልክቶቹ አምስት የቮልቴጅ ደረጃ አላቸው። ለአንድ ምልክት ያለው ጊዜ 8 ናኖሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ተቀባዩ ስምንት ሁኔታ (state) ያለውን ኮድ መፍታት፣ የቀደሙ ምልክቶችን ጥላ መቀነስና ውሳኔ መስጠት አለበት። በዚያ ላይ የራሱ ማሠራጫ ማስተጋባትና የጎረቤት ሽቦዎች ረብሻ ይጨመራል። ኮዱንና ኢኳላይዘሩን በተራ መሥራት እንደማያዋጣ ስለታወቀ፣ ለእያንዳንዱ ሁኔታ የራሱ ግብረ መልስ ያለው ማስያ በትይዩ እንዲቆም የሚያደርግ ንድፍ ተመረጠ።

ጥገኝነትን ለመፍታት የመጀመሪያው መንገድ ቀድሞ መገመት ነው። የቀደመው ምልክት ገና ካልታወቀ፣ ሊሆን በሚችለው ሁሉ ስሌቱ አስቀድሞ ይሠራል፤ እውነተኛው ሲታወቅ ትክክለኛው መልስ ይመረጣል። የቀረው የምርጫ ሥራ ብቻ ስለሆነ ፈጣን ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል፦ ባለ አራት ደረጃ ምልክት ላይ አንድ የቀደመ ምልክት 4፣ ሁለት 16፣ ሦስት 64 ስሌት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዘዴው ለቅርቡ አንድ ወይም ሁለት ምልክት ብቻ ይውላል፤ የራቁት በተለመደው መንገድ ይስተናገዳሉ።

ለቪተርቢ የተገኘው መፍትሔ ከዚህ የረቀቀ ነው። አልጎሪዝሙ በየደረጃው ይደምራል፣ ያወዳድራል፣ ይመርጣል። ምርጫው በተለመደው አልጀብራ ስለማይገለጽ ሰንሰለቱ የማይበጠስ ይመስል ነበር። የአኽን ዩኒቨርሲቲዎቹ ገርሃርድ ፌትዋይስና ሃይንሪሽ ማይር በ1989 መደመርና መምረጥን እንደ ማባዛትና መደመር አድርጎ ማየት እንደሚቻል፣ ስለዚህም ደረጃዎቹን በቡድን በቡድን አስቀድሞ አስልቶ በኋላ ማጋጠም እንደሚቻል አሳዩ። ሌላው መንገድ ረጅሙን ተከታታይ በጥቂቱ ወደሚደራረቡ ቁራጮች መክፈል ነው። የተወዳዳሪ ዱካዎች ታሪክ ወደ ኋላ በበቂ ርቀት ሲታይ ስለሚገናኝ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ሳይጠብቅ ይፈታል። በድርብርቡ ክፍል ላይ የሚባክነው ስሌት ግድ የሚከፈል ነው። በ1997 ፒተር ብላክና ቴሬሳ ሜንግ ይህን ተጠቅመው በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚፈታ ባለ አራት ሁኔታ ቺፕ አቀረቡ።

በረጅም ርቀት ፋይበር ላይ መጠኑ ይለወጣል። የተለመደው ፋይበር በ1,550 ናኖሜትር አካባቢ በየኪሎሜትሩ፣ በየናኖሜትሩ የሞገድ ስፋት 17 ፒኮሰከንድ ያህል ይበታትናል። በሰከንድ 30 ቢሊዮን ምልክት የሚልክ ጨረር 1,000 ኪሎሜትር ሲጓዝ አንዱ ምልክት ከመቶ በላይ በሆኑ ጎረቤቶቹ ላይ ይዘረጋል። የቺፑ ክሎክ በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ሜጋኸርዝ እስከ አንድ ጊጋኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ምት በርካታ አሥሮች፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ናሙናዎች አብረው ይሰላሉ። ደግነቱ ይህ መዛባት መስመራዊ ነው፤ ውሳኔ ሳይጠብቅ በፉሪየር ትራንስፎርም በድርብርብ ቁራጮች ይስተካከላል። አስቸጋሪው የጨረሩን ፌዝ (phase) መከታተል ነው። ትይዩ ማስያ በራሱ መዘግየት ስለሚያመጣ በግብረ መልስ የሚሠራ መከታተያ ፈጣን ለውጥን ይስታል፤ ስለዚህ መሐንዲሶች ወደ ፊት ብቻ የሚያሰሉ ዘዴዎችን ይመርጣሉ።

ከመዛባቱ በኋላ የቀረውን ስህተት የሚያርመው ኮድ ታሪክም በትይዩ ስሌት ተወስኗል። ሮበርት ጋላገር በኤምአይቲ በ1960 በዶክትሬት ጽሑፋቸው ያቀረቡት ኤልዲፒሲ ኮድ በጊዜው ለነበረው ማስያ ከባድ ነበርና ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ከጥቂቶች በቀር አላየውም። በ1990ዎቹ ሲነቃ ዋናው ጥንካሬው ታየ፦ ቢቶቹና ትክክለኛነታቸውን የሚያረጋግጡት ፈታሾች መልእክት እየተለዋወጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላሉ። በ2006 የጸደቀው ባለ 10 ጊጋቢት የመዳብ ኢተርኔት የ2,048 ቢት ኮድ ይጠቀማል፤ እያንዳንዱ ቢት ከ6 ፈታሾች፣ እያንዳንዱ ፈታሽ ከ32 ቢቶች ጋር ይገናኛል። ይህ 12,288 ግንኙነት ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ቺፕ ሲዘረጉ የሚያስጨንቀው ስሌቱ ብቻ ሳይሆን ሽቦ መዘርጊያ ቦታውም ነው። በ1993 የቀረበው ተርቦ ኮድ በበኩሉ በሜሞሪ ላይ ይቸገራል፤ ትይዩ ማስያዎቹ አንዱን የሜሞሪ ክፍል በአንድ ጊዜ ሲሹ ይጋጫሉ። የአራተኛው ትውልድ ሞባይል ስታንዳርድ ያን ግጭት የሚያስቀር ቅደም ተከተል በመምረጥ ችግሩን ከምንጩ ዘጋ።

ትይዩነት የሚከፈልበት በቺፕ ስፋት፣ በኃይልና በመዘግየት ነው። ማስያው እጥፍ ሲሆን ስፋቱ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል፤ ቁራጮች እስኪሞሉ መጠበቅም ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ኮድ ሲመረጥ ስህተት የማረም ብቃቱ ብቻ አይታይም፤ ከሰርኪዩቱ ጋር አብሮ ይነደፋል። ኤርዳል አሪካን በ2009 ያሳተሙት ፖላር ኮድ በሒሳብ ወደ ሻነን ጣሪያ እንደሚደርስ የተረጋገጠ ሲሆን፣ መሠረታዊ ዲኮደሩ ግን ቢቶቹን አንድ በአንድ በተራ ይፈታል። በአምስተኛው ትውልድ ሞባይል አጫጭሮቹ የመቆጣጠሪያ መልእክቶች ለፖላር ኮድ ሲሰጡ፣ ብዛቱና ፍጥነቱ የሚበረታው የተጠቃሚ መረጃ እስከ 384 ማስያዎችን ጎን ለጎን ለማሠራት ለሚመቸው ኤልዲፒሲ ተሰጥቷል።