ከዓሳው ጀርባ ያለው ቀለም

ካፌ ወይም ሆቴል ገብታችሁ አኳሪየም ካጋጠማችሁ፣ ዓሳውን ከማየታችሁ በፊት ከኋላ የተለጠፈውን ወረቀት አስተውሉት። ብዙውን ጊዜ የሞቃት ባሕር ሥዕል ነው፤ ቀይና ቢጫ ኮራል፣ እንደ መስከረም ሰማይ የጠራ ውሃ። ከፊቱ የሚዋኘው ዓሳ ግን ባሕር የሚባል አያውቅም። እዚህ ወረታ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምርበት ክፍል ጥግ ላይ ያለው አኳሪየምም እንዲሁ ነበር። ጥቂት የቆሮሶ ጫጩቶች አሉበት። ወረቀቱን አንስቼ የኋላውን መስታወት ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ለውበት ብቻ ብዬ አይደለም።

ወረቀት በስኮች ሲለጠፍ በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ስስ አየር ይቀራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ አየር ነው። ብርሃን ከውሃ ወደ መስታወት ሲሻገር ብዙም አይመለስም። ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ግን በቀጥታ የመጣው እንኳ ከመቶ 4 ያህሉ ወደ ውሃው ይመለሳል። በጣም አግድሞ የመጣው ደግሞ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ሳለ ከቀጥታው መስመር ከ49 ዲግሪ በላይ ያዘነበለው፣ ጨርሶ አይወጣም፤ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። እኛ ከፊት ለፊት ቆመን ስናይ ይህ አይታወቀንም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ኮራል እናያለን። ዓሳው ግን ከውስጥ ሆኖ በጎን ሲመለከት የሚያየው የመልክ መስታወት ነው፤ በውስጡም ሌላ ዓሳ አለ። ወንድ ቆሮሶ ሲጎለምስ ክልሉን የሚያስከብር ዓሳ ነው፤ ምስሉን እንደ ተቀናቃኝ ቆጥሮ ክንፉን ዘርግቶ ይገጥመዋል። ተቀናቃኙ ደግሞ አይሸሽም፣ አይሸነፍም።

ቀለም ግን አየር ሳያስቀር መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። ብርሃኑ አልፎ ቀለሙ ውስጥ ይገባል፤ ጥቁር ከሆነም እዚያው ተውጦ ይቀራል። ወረቀትን ከቀለም የማላወዳድረው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የዋጋ ወይም የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ተማሪዎቼን የበለጠ ገርሟቸዋል። «ቲቸር፣ ዓሳዎቹን ቀየሯቸው እንዴ?» አለችኝ አንዷ። አልቀየርኳቸውም። የዓሳ ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቅንጣት የያዙ ሴሎች አሉ። ቅንጣቶቹ በሴሉ ውስጥ ሲበተኑ ዓሳው ይጠቁራል፣ መሐል ላይ ሲሰበሰቡ ይነጣል። ይህን የሚያዝዘው በአብዛኛው ዓይኑ ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ከአካባቢው ከሚንጸባረቀው ጋር ያነጻጽራል። አካባቢው ጨለም ካለ ዓሳውም ይደምቃል፤ የቆሮሶ ጭራ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ወለል ብለው ይታያሉ። ስለ ንቦች ባደረገው ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ፎን ፍሪሽ በወጣትነቱ የጀመረው በዚሁ በዓሳ ቆዳ ቀለም ምርምር ነበር። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ነጭ አሸዋ አንጥፎ ጀርባውን ብቻ ማጥቆር ግማሽ ሥራ ነው። ወለሉም ጠቆር ያለ ጠጠር ይሁን።

ለምን ጥቁር? በክረምት ጣራ ገዳም ጫካ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ፎገራ ሜዳ ቁልቁል ብትመለከቱ ይገባችኋል። ርብ ከጉና ተራራ የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ ጉማራም እንዲሁ። ሁለቱም የሚገቡት ጣና ነው። ሐይቁ ጥልቅ በተባለበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደለሉ ከሥር ይነሳል። ወንዞቹ ሞልተው ሲፈሱ አምባዛ ወደ ሸሸርና ወላላ ረግረግ ይወጣል። አስጋሪዎች በጅምላ ነጭ ዓሳ ከሚሏቸው የጣና ዝርያዎች ብዙዎቹ ደግሞ እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ወደ ወንዞቹ ይጓዛሉ። እነዚህን ወደ አኳሪየም ማምጣት አልሻም። በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ አሉባቸው፤ በዚያ ጉዟቸው ላይ መረብ የሚጠብቃቸው አንሶ እኔም ልጨመር? ቆሮሶ ይበቃኛል። እሱም ቢሆን የለመደው የደፈረሰ ውሃ ነው፤ ከጀርባው የበራ ሰማያዊ አይደለም።

ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። አኳሪየሙ ባዶና ደረቅ ሳለ በፊቱ ይተኛና የኋላው መስታወት ወደ ላይ ይሁን። በሳሙና ታጥቦ በአልኮል ይወልወል፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም። ጠርዙ በስኮች ይሸፈን። ቀለሙ ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ፕላስቲክ ቀለም ይሁን፤ ዘይት ቀለም ይይዛል፣ ግን ሽታው ይቆያል፣ ሲፈለግም በቀላሉ አይነሳም። የሚቀባው በውጭ በኩል ብቻ ነው። በውስጥ የተቀባ ቀለም ውሃ ሲያገኘው ይላጣል፣ ዓሳውንም ይመርዛል። የመጀመሪያው ቅብ ስስ ስለሚሆን ጭረት የበዛበት ይመስላል፤ አትደንግጡ፣ ሳይደርቅም አትደጋግሙት፤ ፔኔሎው የተቀባውን እያነሳ ይወስደዋል። ሲደርቅ ሁለተኛውን አግድማችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። በመጨረሻ አምፖል ከውስጥ አብርታችሁ ከውጭ ስታዩ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ካለ ይደፈናል።

ሥዕል ልሣል የሚል ካለ ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው። ግድግዳ ላይ መደቡ ይቀድማል፣ ምስሉ ይከተላል። እዚህ ግን የሚታየው በመስታወቱ በኩል ስለሆነ፣ ከፊት የሚታየው ሣር መጀመሪያ፣ መደቡ መጨረሻ ይቀባል። ታፔላ መጻፍ የለመደ እጅ እንኳ ይህ ያደናግረዋል።

ጎኖቹም መስታወት ናቸውና አንዱን ጎን ጨምሬ ቀብቻለሁ። ሌላውን ለተማሪዎቹ ዓይን ትቼዋለሁ። አንዳንዶቹ ለሚቀጥለው አኳሪየም ከጥቁር ይልቅ የርብን ቡናማ ካልቀባን እያሉ ነው። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ፣ ግን አልከለክላቸውም፤ ፕላስቲክ ቀለም በመስታወት ላይ ካልተወደደ በምላጭና በለብ ያለ ውሃ ይነሳል።