ተረታችሁን ማን ይሳልላችሁ?

ለሕፃናት ተረት እጽፋለሁ፤ መጻሕፍቴንም በራሴ ወጪ አሳትማለሁ። «የጻፍኩት ነገር ነበረኝ፤ ሠዓሊ ከየት ላምጣ?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሕፃናት መጽሐፍ ዕጣው የሚወሰነው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ የሚያነበው ሥዕሉን ነው። እናቱ ጮክ ብላ ስታነብለት ዓይኑን ከሥዕሉ አይነቅልም፤ ቃሉና ሥዕሉ ካልተስማሙ ደግሞ የሚያምነው ሥዕሉን ነው።

አንዱ ተረቴ ውስጥ አንዲት ልጅ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ሠዓሊው ያመጣልኝ ረቂቅ ላይ ግን እንስራው ጭንቅላቷ ላይ ነበር። ሥዕሉ ያምራል፤ አንገቷ ቀጥ ብሏል፣ ቀሚሷን ነፋስ ይዞታል። ነገር ግን በደጋው አገራችን እንስራ በገመድ ጀርባ ላይ ይታዘላል፤ ገመዱ ደረት ላይ ይጠብቃል፣ ተሸካሚዋም ጎንበስ ትላለች። ሠዓሊው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኛቸው «አፍሪካዊት ውኃ ቀጂዎች» ሁሉ በጭንቅላታቸው ነበር የተሸከሙት። የአክስቴን የድሮ ፎቶግራፍ ሰጠሁት። አየት አደረገና «እትዬ፣ እንዲህ ካጎነበሰች እኮ ፊቷ አይታይም» አለኝ። «አንተም ዝቅ ብለህ እያት» አልኩት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ልጅቷን ከመሬት ቀና ብሎ እንደሚያያት ሰው አድርጎ ስሏታል። ፊቷ ሙሉውን ይታያል፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ እግሯ ሥር ደግሞ እኔ ያልጻፍኩት የጉንዳን ሰልፍ አለ፤ እነሱም ተሸክመው ይጓዛሉ። ጽሑፌ ላይ «መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ልጅቷም በጣም ደከማት» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። ሰረዝኩት፤ ሥዕሉ ተናግሮታልና። የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ ባለተረት ነው የምለው ለዚህ ነው። ተረቱን ከእናንተ ጋር አብሮ የሚተርክ ሰው ፈልጉ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊው ለሥዕል ቦታ ይተዋል፤ ሠዓሊውም ቦታውን በራሱ ቋንቋ ይሞላዋል። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ ደጉን ከክፉው ይለያል። የእኔው ወጣት ሠዓሊ ይህን ስለሚያውቅ የተረቱን ጅብ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይን ሳለው። አንድም ልጅ «ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? መጀመሪያ የወደዳችሁትን የሕፃናት መጽሐፍ ግለጡና የሠዓሊውን ስም ፈልጉ፤ ከአርዕስቱ ገጽ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ቦታ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። የተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ሲከፈት ሂዱ። ትልልቁን የሸራ ሥራ አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ የንድፍ ደብተራቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሰው ሲሮጥ፣ ሲቀመጥ፣ ሲያኮርፍ መሣል የሚችል እጅ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ተረቱን ሙሉውን ስጡት። አንብቦ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ «ስንት ገጽ ነው?» ካለ ሌላ ሰው ብትፈልጉ ይሻላል። ከተስማማችሁም አንድ የሙከራ ሥራ አሠሩት፤ ገንዘቡንም ክፈሉት፤ ነፃ ሙከራ መጠየቅ ነውር ነው። አንዱን ገጸ ባሕርይ ሲስቅ፣ ሲቆጣና ከጀርባ ሆኖ ይሣልላችሁ። ለምሳሌ ቁንጮ ያለው ልጅ በሦስቱም ላይ ያው ልጅ መሆኑ ከታወቀ ሰውዬውን አግኝታችኋል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥዕል ማሠራት አሁን ቀላል ሆኗል፤ እኔ ግን አልመክርም። የልጁ ፊት ከገጽ ገጽ ሊለዋወጥ፣ እንስራውም ተመልሶ ጭንቅላት ላይ ሊወጣ ይችላል።

ሥራው ሲጀመር የገጹ መጠንና ብዛት አስቀድሞ ይቆረጥ። መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ 24 ወይም 32 ገጽ ይመቻል። ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ በረቂቁ ላይ ይከለል፤ አለዚያ ፊደሉ የልጅቷ ፊት ላይ ይወጣል። እርማት ሁሉ በእርሳሱ ረቂቅ ላይ ይለቅ፤ ቀለም ከገባ በኋላ «ቀሚሷ ቢቀየር» ማለት ሰውን ማድከም ነው። ክፍያውም ደረጃውን ይከተል፦ ለመነሻ ቀብድ፣ ረቂቁ ሲጸድቅ ሌላ፣ ሥራው ሲያልቅ ቀሪው።

ብዙ መጽሐፍ የሚበላሸው ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላከላችሁ ጥራቱ ይወርዳል፤ እንደ ፋይል ይላክ። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ ከዚያ ካነሰ ሲታተም ይደበዝዛል። በየጠርዙ የሚቆረጥ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ሥዕል ይኑረው። ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለፊት ቀለም ነው። ስክሪን ላይ የበራ ጠይም ፊት ልሙጥ ባልሆነ ወረቀት ላይ ሲታተም ይጨልምና ዓይንና አፉ ይጠፋል። ስለዚህ ሙሉ ኅትመቱ ከመጀመሩ በፊት ፊት ያለበትን አንድ ገጽ መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አስወጡና ሠዓሊውን ጠርታችሁ አብራችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

ውል በቃል አይሁን፤ ወንድማችሁ እንኳ ቢሆን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ሁለተኛ እትም ቢወጣ፣ ተረቱ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ትግርኛ ቢተረጎም፣ ሥዕሉ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቢወጣ ሠዓሊው ምን ያገኛል? ዋናው በእጅ የተሣለው ወረቀትስ ማን ዘንድ ይቀመጣል? እኔ ለሠዓሊው እመልሳለሁ። ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ በምስክር ፊት ፈርሙ።

ሠዓሊው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ ማድረግ ደግሞ በዚያው አዋጅ የታወቀለት መብቱ ነው። ቤቴ ከሚገኙት የሕፃናት መጻሕፍት መካከል ሠዓሊያቸው ማን እንደሆነ ከሽፋን እስከ ሽፋን የማይናገሩ አሉ፤ ባየኋቸው ቁጥር ይቆጨኛል። መጽሐፍ ልታሳትሙ የተነሣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ የሠዓሊያችሁን ስም ሽፋኑ ላይ፣ ከስማችሁ ሥር፣ ልጅ በጣቱ እየጠቆመ ሊያነበው በሚችል ፊደል አስፍሩት።