ፍጅል ይጠበሳል እንዴ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናታችሁ ሳትነግራችሁ ከገጠር ብትመጣና ቤታችሁ ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ባይኖር ምን ታደርጋላችሁ? «ምግብ ቤት እወስዳታለሁ» የምትሉ ኪሳችሁ ያልነጠፈ ናችሁና ይህን ጽሑፍ እለፉት። የኔ ብጤዎች ግን ተከተሉኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር ማለቂያ፣ በጾመ ነቢያት ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሲነጋ ሣሩ በውርጭ ነጭ ለብሶ ነው የሚገኘው። በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ ስጽፍ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት እናቴ! 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአንኮበር በጠዋቱ መኪና መጥታለች።

ተራ ጉብኝት እንዳይመስላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት «ተመለስና መሬቱን ያዝ» ስትለኝ «በብዕሬ እኖራለሁ!» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌባታለሁ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ከ«ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነህ?» አላለፍንም። አሁን የመጣችው ብዕሬ ምን እንደሚያበላኝ ልታይ ነው።

ቁጭ ብላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ቃኘችና «ቡና አለህ?» አለችኝ። ቡናስ አለ። የቡና ቁርስ ነው የሌለው። ቆሎ የለ፣ ዳቦ የለ፣ እንጀራ የለ። ደግነቱ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ፌስታሌን ስከፍት ያለኝ ፍጅል ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ፍጅል የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል። ከላዩ ቀይ፣ ከውስጡ ነጭ፣ ሲነክሱት አፍንጫ ድረስ የሚያቃጥል ክብ ሥር ነው። አንድ ጓደኛዬ ጓሮው ውስጥ ይዘራዋል። ብርድ ይስማማዋል፤ ትንሹ ዓይነት በአንድ ወር ገደማ ይደርሳል። የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ማቃጠሉ የቤተሰብ ነው። የሚያቃጥለው ነገር የሚፈጠረው ሥሩ ሲነከስ ወይም ሲከተፍ ነው። እሳት ሲያገኘው ግን ያ ኃይሉ ይበርድና ጣፋጭነቱ ብቅ ይላል። ሰው በሰላጣ ጥሬውን ብቻ ስለሚበላው ይህን አያውቅም።

እናቴም «ፍጅል ይጠበሳል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ከሳምንት በፊት ሞክሬው ተበላሽቶብኛል። አጥቤ ከነውሃው መጥበሻ ሙሉ ጨመርኩት፣ ከደንኩት፣ ከዚያ ልጽፍ ሄድኩ። ስመለስ ጥብስ ሳይሆን ቅቅል ነው ያገኘሁት፤ ላላ፣ ገረጣ፣ ሽታውም የጎመን ሆነ።

ይህንኑ ልደግመው መጥበሻውን ሳነሳ እናቴ ከእጄ ቀማችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምጣድ ሳይግል እህል ይጣልበታል እንዴ? ቆሎ ስቆላ አላየህም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ትምህርት ቁጠሩት።

አንደኛ፣ ግማሽ ኪሎ ፍጅል በደንብ ታጥቦ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በንጹሕ ጨርቅም ይደርቃል። ውሃ ካለው አይጠበስም። ሁለተኛ፣ ብረት ምጣዱ ደህና እስኪግል ይጠበቅና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባበታል። ሦስተኛ፣ ፍጅሉ የተቆረጠበት ጎኑ ወደ ታች ሆኖ ሳይደራረብ ይደረደራል። ካልበቃ በሁለት ዙር ይሁን፤ እናቴ ቆሎ ስትቆላ ጥቂት ጥቂት የምታደርገው ለዚህ ነው። አራተኛ፣ ከታች ቡኒ እስኪሆን አይነካም። ከዚያ ጨው ነስንሶ፣ ከሰሉን ቀነስ አድርጎ 20 ደቂቃ ያህል እያገላበጡ ማብሰል ነው። የጥብስ ቅጠል ካለ መጨረሻ አካባቢ፣ ሚጥሚጣ ደግሞ ከወረደ በኋላ ይጨመር፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል። ኦቭን ያላችሁ በ220 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃችኋል። ቅጠሉን እንዳትጥሉት፤ እንደ ጎመን ይሠራል።

9 ሰዓት ሲሆን ቡናው ቀረበ። እናቴ አንዱን አንስታ ቀመሰች። ዝም አለች።

«ሁልጊዜ ይሄን ነው የምትበላው?»

«አንዳንዴ ነው እማዬ።»

«ሌላ ጊዜስ?»

መልስ አልነበረኝም። ዋሽቼ «ጠግቤ ነው የማድረው» ልላት አስቤ ነበር፤ ዓይኗን ሳይ አልቻልኩም። «አንዳንድ ቀን ሻይ ብቻ ነው» አልኳት። ይናደዱብኛል ብዬ የጠበቅኋቸው ዓይኖች እንባ አቀረሩ። ሁለተኛውን ፍጅል አነሳች። «እኛም ከብት ስንጠብቅ ድንች ረመጥ ውስጥ እየቀበርን ነው ያደግነው። አያሳፍርም» አለችኝ። ቀጥላም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ስትጽፍ እጅህ በብርዱ አይደነዝዝም?» ብላ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ።

የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በግብፁ ትልቅ ፒራሚድ ላይ ለሠራተኞቹ ፍጅል፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የወጣው ገንዘብ ተጽፎ እንደነበር ተርኮልናል። ወሬው ልክ ከሆነ ያን የሚያህል ድንጋይ የተከመረው በፍጅል ጉልበት ነው ማለት ነው። ታዲያ እኔ አንድ ገጽ ብጽፍበት ምን ይገርማል?

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን «ትንሽ ሲደላኝ እጠራቸዋለሁ» እያልን ወላጆቻችንን ከቤታችን እናርቃለን። እኔ ሁለት ዓመት ያባከንኩት በዚህ ነው። ወላጅ የሚመጣው ሞልቶልን እንደሆነ ሊያይ ሳይሆን እንዴት እንዳለን ሊያውቅ ነው። ያለውን አቅርቡ፤ የሌለውንም አትደብቁ።

በሳምንቱ በአንኮበር መኪና አንድ ከረጢት ቆሎ ተላከልኝ። እየቆረጠምኩ ነው ይህን የጻፍኩት። ቸር ይግጠመን!