ሽኮኮ ባለርስት፣ አንበሳ እንግዳ፦ የጎንደር ደጋ የሕይወት ታሪክ



ብዝኃ ሕይወት እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚለዋወጥ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያሻኝም። በዙሪያችን ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ ፈልቆ የፈሰሰ ዐለት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይህን ደጋ ሠራ። እሳተ ገሞራው ጋብ ባለበት ዘመን ወንዝና ረግረግ፣ ደንም ሆነ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል የዚያ ዘመን ዕፅዋት ቅሪት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በጆን ካፕልማን የተመራ ቡድን ከዚያው ከጭልጋ ያገኛቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ የአጥቢ እንስሳት ቅሪተ አካላት ይፋ አደረገ። የጥንት የዝሆን ዘመዶች አሉበት፤ ከዛሬዎቹ እጅግ የገዘፉ የሽኮኮ ዘመዶች አሉበት፤ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች ጎን ለጎን የበቀሉበት አርሲኖይቴሪየም የተባለ አውሬም አለበት። አንበሳ ግን የለም፤ ቀጭኔና አውራሪስም የሉም።

ምክንያቱ ባሕር ነው። አፍሪካና ዓረቢያ በአንድነት በውኃ የተከበቡ ደሴት ነበሩና እንስሳቱ ለብቻቸው ይራቡ ነበር። ኋላ ምድሪቱ ከእስያ ጋር ስትጋጠም መሸጋገሪያ ተከፈተ። ዝሆኖች ወጥተው እስከ አሜሪካ ደረሱ፤ የአንበሳ ቅድመ አያቶች ገቡ፤ አርሲኖይቴሪየም ያለ ዘር ጠፋ። ያጠፉት እንግዶቹ ብቻ ናቸው ለማለት ግን አልደፍርም። እንግዲህ በሰንደቅ ላይ ያከበርነው አንበሳ የመጤ ዘር ሲሆን፣ በገደል ስንጥቅ የሚሸሸገው ሽኮኮ የጥንት ባለርስት ነው።

ባሕር ብቻ አይደለም ፍጥረትን የሚለያየው። ከጎንደር በትክል ድንጋይ አድርጎ ወደ ሳንጃ የወረደ ሰው ሙቀቱ ሲጨምርና ዛፉ ሲለወጥ ያያል። ብርድ ለለመደ እንስሳ ይህ ቆላ እንደ ባሕር የማይሻገሩት ነው። የዋልያ ቅድመ አያቶች ከእስያ በኩል መጥተው፣ በስሜን ገደላገደል ተነጥለው፣ በሌላ ስፍራ የሌለ ዝርያ ሆኑ። ቀይ ቀበሮም ከተኩላ መሰል ቅድመ አያት ወጥቶ እንዲሁ የደጋ ሰው፣ ይቅርታ፣ የደጋ አውሬ ሆነ። የጭላዳ ነገር ይለያል፤ ዘመዶቹ በአንድ ወቅት እስከ ደቡብ አፍሪካ ተሰራጭተው ነበር። እነርሱ ሁሉ አልቀው እርሱ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ተረፈ። ስለዚህ ብርቅ ያልነው ሁሉ እዚህ የተወለደ አይደለም፤ ከጥፋት የተረፈም አለበት።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን እርሻና ግጦሽ ከታች ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የአየሩ መሞቅም ቀዝቃዛውን ቀበቶ ሽቅብ ያሳድደዋል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዋልያም ከዚያ ወዲያ የሚወጣበት ተራራ የለውም። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።