ለየዕድሜው የራሱ ጨዋታ፦ የጀርመን የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ማፍሪያ ሥርዓት

የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች ማፍሪያ ሥርዓት ማለት ልጆችን ኳስ መንካት ከሚጀምሩበት ዕድሜ አንሥቶ ለአዋቂዎች ቡድን እስከሚበቁበት ጊዜ ድረስ በዕድሜ እርከን ከፍሎ፣ ለየእርከኑ የሜዳውን ስፋት፣ የተጫዋቹን ቁጥር፣ የልምምዱን ይዘትና የውድድሩን ዓይነት የሚወስን፣ በየደረጃውም የተሻሉትን እየለየ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር አሠራር ነው። እንዲህ ያለ አሠራር በብዙ አገሮች ይገኛል፤ ይሁን እንጂ በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ጊዜ ታስቦ የተዘረጋው፣ ፍሬውም ጉድለቱም ከሃያ ዓመታት በላይ በአደባባይ የታየው የጀርመኑ በመሆኑ፣ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ለሚፈልግ አንባቢ የጀርመኑ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ሥርዓቱን የወለደው ሽንፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ በጋራ ባዘጋጁት የአውሮፓ ዋንጫ የጀርመን ብሔራዊ ቡድን ከሩማኒያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በእንግሊዝ 1 ለ 0፣ በፖርቱጋል ደግሞ 3 ለ 0 ተሸንፎ፣ በአንድ ነጥብና በአንድ ግብ ብቻ የምድቡ መጨረሻ ሆኖ ተሰናበተ። በዚያ ቡድን የ39 ዓመቱ ሎታር ማቴዎስ አሁንም ቋሚ ተሰላፊ ነበር፤ ይህም ለተጫዋቹ ክብር ቢሆንም፣ ከኋላው ቦታውን የሚረከብ ወጣት እንዳልነበረ የሚያሳይ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ ከዚህ በኋላ የወሰዷቸው ዋና ዋና እርምጃዎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው በመጀመሪያው ዲቪዚዮን ማለትም በቡንደስሊጋ፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ሁሉ የታዳጊዎች አካዳሚ ካላቋቋመ የመወዳደሪያ ፈቃድ እንዳያገኝ መደንገጉ፣ ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በመላ አገሪቱ የፌዴሬሽኑ የሥልጠና ጣቢያዎች መከፈታቸው ነው።

በዚህ አኳኋን የተዋቀረው ሥርዓት ሦስት ደርብ አለው። የታችኛውና ሰፊው ደርብ በየመንደሩና በየሰፈሩ ያሉት አማተር ክለቦች ናቸው፤ ልጆች በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች፣ ብዙውን ጊዜም በራሳቸው በተጫዋቾቹ ወላጆች የሚሠለጥኑት በእነዚህ ነው። መካከለኛው ደርብ በጀርመንኛ ሽቱትስፑንክት የሚባለው የፌዴሬሽኑ ጣቢያ ሲሆን፣ በመቶዎች በሚቆጠሩት በእነዚህ ጣቢያዎች የትርፍ ሰዓት አሠልጣኞች ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ ተመራጭ ልጆችን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ተጨማሪ ልምምድ ያሠራሉ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጣቢያው ልጁን ከክለቡ አይወስደውም፣ ከቤቱና ከትምህርት ቤቱም አያርቀውም፤ በትንሽ ከተማ የሚኖር ጎበዝ ልጅ እዚያው ባለበት ሆኖ በባለሙያ ዓይን እንዲታይ ያደርጋል እንጂ። የላይኛው ደርብ የፕሮፌሽናል ክለቦቹ አካዳሚዎች ሲሆኑ፣ እነዚህ የራሳቸው ሜዳ፣ የሙሉ ጊዜ አሠልጣኞች፣ ሐኪሞችና ወጌሻዎች፣ ከሩቅ ለሚመጡ ልጆችም ማደሪያ አላቸው፤ ፌዴሬሽኑ የእግር ኳስ ልዩ ትምህርት ቤት ብሎ ዕውቅና ከሰጣቸው ትምህርት ቤቶች ጋርም በመተባበር ተማሪው ጠዋት ልምምድ ሠርቶ ያመለጠውን ክፍለ ጊዜ በሌላ ሰዓት እንዲያካክስ ይደረጋል።

ወደ ዕድሜ እርከኖቹ ሲገባ፣ ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ አገሮች የሚሳሳቱት በዚህ ነውና። ዕድሜያቸው ከ7 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በጀርመን ሁለት ለሁለት ወይም ሦስት ለሦስት ሆነው፣ በጣም ጠባብ በሆነ ሜዳ፣ በአራት ትንንሽ ጎሎች ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚጠብቀው ሁለት ጎል፣ የሚያጠቃው ሁለት ጎል ነው፤ ግብ ጠባቂ የለም። ፉኒኖ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ጨዋታ የጀርመናዊው አሠልጣኝ የሆርስት ቫይን ፈጠራ ሲሆን፣ ሁለት ጎል ማጥቃት ማለት ልጁ በአንደኛው በኩል መንገዱ ሲዘጋበት ቀና ብሎ ሌላኛውን እንዲያይ፣ አቅጣጫ እንዲቀይር፣ ኳሱን ለማን እንደሚያቀብል በራሱ እንዲወስን ማስገደድ ነው። ግብ በተቆጠረ ቁጥር ሁለቱም ቡድኖች በተራ ተጫዋች ስለሚቀይሩ፣ ደካማ የተባለው ልጅ ሙሉውን ቀን ከሜዳ ውጭ ተቀምጦ አይውልም። ጨዋታው የሚካሄደው ብዙ ትንንሽ ሜዳዎች ጎን ለጎን በተሰመሩበት ቦታ ሲሆን፣ ያሸነፈ ቡድን ወደሚቀጥለው ሜዳ ከፍ ይላል፣ የተሸነፈ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከጥቂት ዙር በኋላ እያንዳንዱ ቡድን አቻውን ያገኛል። የደረጃ ሰንጠረዥም ሆነ የዓመቱ ሻምፒዮን የሚባል ነገር የለም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ቀላል ስሌት ነው። የ7 ዓመት ልጆች ሰባት ለሰባት ሲጫወቱ ኳሱን የሚነኩት ቀድመው የጠነከሩት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ኳሱን ተከትለው ይሮጣሉ፣ ግብ ጠባቂው በብርድ ይቆማል፣ አሠልጣኙም ለማሸነፍ ሲል ፈጣኑን ልጅ ከፊት፣ ረጅሙን ከኋላ ያቆማል። ሦስት ለሦስት ሲሆን ግን መደበቂያ የለም፤ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ ይገፋል፣ አብዶ ይሞክራል፣ ይነጠቃል፣ መልሶ ይነጥቃል፣ ጎል ያገባል። በዚህ ዕድሜ ልጅን ወደ እግር ኳስ የሚስበውም በኋላ የሚያስፈልገውን ችሎታ የሚያስገኝለትም ይኸው የኳስ ንክኪ ብዛት ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከልጁ ጋር ያድጋል። ከ9 ዓመት በታች የሆኑት ከሦስት ለሦስት እስከ አምስት ለአምስት፣ ከ11 ዓመት በታች የሆኑት ከአምስት ለአምስት እስከ ሰባት ለሰባት፣ ከ13 ዓመት በታች የሆኑት በአብዛኛው ዘጠኝ ለዘጠኝ ይጫወታሉ፤ ሙሉው ሜዳና አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ የሚመጣው ልጁ ወደ 13 ዓመት ሲጠጋ ብቻ ነው። ከጨዋታ ውጭ ወይም ኦፍሳይድ የሚባለው ሕግም ለሕፃናቱ አይሠራም፤ ሥራ ላይ የሚውለው ዘጠኝ ለዘጠኝ ሲጀመር ነው። የልምምዱ ይዘት በተመሳሳይ መንገድ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል፤ እስከ 9 ዓመት ድረስ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ሚዛን መጠበቅና ኳስ መግፋት ይቀድማሉ፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ልጁ አካሉን በሚገባ ማዘዝ በሚችልበትና አዲስ እንቅስቃሴ ቶሎ በሚቀበልበት ወቅት፣ ኳስ ማብረድ፣ በሁለቱም እግር ማቀበል፣ ጀርባን ሰጥቶ መዞር በብዛት ይደጋገማሉ።

ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለው እርከን ከሁሉ የሚያስቸግረው ነው። ወንዶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚመዘዝበት ጊዜ በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ አንዱ በ12 ዓመቱ ሲጎረምስ ሌላው እስከ 16 ሊዘገይ ስለሚችል፣ በአንድ የልደት ዓመት ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች አንዱ ጎልማሳ፣ አንዱ ሕፃን መስለው በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ቀድሞ ያደገው በጉልበቱና በቴስታው ሁሉን ስለሚያሸንፍ ጎበዝ ይባላል፤ የዘገየው ኳስ አዋቂ ቢሆንም ይገፋል። በተጨማሪም አጥንት ከጅማትና ከጡንቻ ቀድሞ በሚረዝምበት በዚህ ወቅት ከጉልበት በታች የሚሰማ ሕመም የተለመደ ስለሆነ፣ ጥሩ አካዳሚ የልጁን ቁመት በየጊዜው እየለካ፣ ዕድገቱ በፈጠነበት ወራት የልምምዱን ጫና ይቀንሳል።

በዚህ ላይ የልደት ወር ጉዳይ ይጨመራል። የዕድሜ ክፍፍሉ መነሻ ጥር 1 ቀን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በመሆኑ፣ በጥር የተወለደ ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው የቡድን ጓደኛው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ብልጫ አለው፤ ለ8 ዓመት ልጅ ይህ የዕድሜው ስምንተኛ እጅ ነው። በዚህ ምክንያት በአካዳሚዎች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከድርሻቸው በላይ፣ በመጨረሻዎቹ የተወለዱት ከድርሻቸው በታች መገኘታቸው በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የተረጋገጠ ነው። መልማዮች ተሰጥኦ መረጥን ሲሉ ብዙ ጊዜ የመረጡት ዕድሜን ነው። ቤልጅየም ለዚህ መፍትሔ ትሆን ዘንድ ዘግይተው ለሚያድጉ ታዳጊዎች ብቻ የተለየ ብሔራዊ ቡድን ማቋቋሟ፣ በእንግሊዝም ልጆችን በልደት ቀን ሳይሆን በአካል ብስለት መድቦ የማጫወት ሙከራ መደረጉ፣ ችግሩ በቁም ነገር መያዙን ያሳያል።

ከ16 እስከ 19 ዓመት ያለው የመጨረሻው እርከን ከአዋቂዎች እግር ኳስ ብዙም አይለይም፤ ቦታ ይለያል፣ የቡድን አሰላለፍና ስልት ይጠናል፣ የጉልበት ሥራ ይጨምራል፣ የበሰሉትም ከዋናው ቡድን ጋር ልምምድ ይጀምራሉ። ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጀው የታዳጊዎች ቡንደስሊጋ ላለመውረድ በሚደረግ ትንቅንቅ ምክንያት አሠልጣኞችን ከማሳደግ ይልቅ ነጥብ ወደ መልቀም ስላዘነበለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የአካዳሚዎቹ ቡድኖች የመውረድ ሥጋት በሌለበት አዲስ ሊግ ተተክቷል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢኖርም፣ ሥርዓቱ ማን እንደሚሳካለት አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። በፌዴሬሽኑ ጣቢያዎች ልጆች በየጊዜው በፍጥነት፣ ኳስ በመግፋትና በማንጠር ይፈተናሉ፤ በኋላ ፕሮፌሽናል የሆኑት በአማካይ የተሻለ ውጤት የነበራቸው ቢሆኑም፣ ፈተናው አንድን ልጅ ነጥሎ ይህ ይደርሳል፣ ያ አይደርስም ለማለት አያስችልም። በጀርመን አካዳሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በየዓመቱ ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ በሌላ እንደሚተካ አሳይቷል። ማርኮ ሮይስ አካሉ አልጠነከረም ተብሎ ከቦሩሲያ ዶርትሙንድ ታዳጊ ቡድን ወጥቶ በትንሹ ሮት ቫይስ አህለን ራሱን ካሳደገ በኋላ፣ ያው ዶርትሙንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በብዙ ሚሊዮን ዩሮ መልሶ ገዝቶታል። በዓለም ዋንጫ 16 ግቦችን አስቆጥሮ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ሚሮስላቭ ክሎሰ ደግሞ ምንም አካዳሚ ሳይገባ፣ አናጢነት እየተማረ እስከ 20 ዓመቱ በመንደር ቡድን የተጫወተ ነው። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በበርሊን የተወለደው፣ ኳስን በሄርታ በርሊን ጀምሮ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ጌዲዮን ዘላለም፣ ገና በ16 ዓመቱ አርሰናልን ተቀላቅሎ፣ ለጀርመን ታዳጊ ቡድኖችና በኋላም ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ተሰልፎ፣ ከዕኩዮቹ መካከል ተስፋ የተጣለበት አማካይ ነበር፤ ሆኖም በለንደኑ ክለብ ዋና ቡድን ቋሚ ቦታ ሳያገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በደረሰበት ከባድ የጉልበት ጉዳት ጉዞው ተሰናከለ። ስለዚህ የአንድ ሥርዓት ጥንካሬ የሚለካው በ10 ዓመቱ ትክክለኛውን ልጅ በመምረጡ ሳይሆን፣ በስሕተት የተጣለው ልጅ ተመልሶ የሚገባበትን በር ክፍት በማድረጉ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫን እንግሊዝን 4 ለ 0 አሸንፎ ካነሣው ቡድን ኖየር፣ ቦአቴንግ፣ ሁመልስ፣ ኬዲራ፣ ኦዚልና ሆቬደስ ከአምስት ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። በ2014ቱ ፍጻሜ አርጀንቲና ላይ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረው ማሪዮ ጎትሰም በዶርትሙንድ አካዳሚ ያደገ ነበር። ነገር ግን በ2018 እና በ2022 የዓለም ዋንጫዎች ጀርመን ከምድብ ማለፍ አቃታት፤ አካዳሚዎቹ ሥርዓት ያለው ቅብብል የሚያውቁ አማካዮችን በብዛት ቢያፈሩም፣ አንድ ለአንድ ተጋፍጦ የሚያልፍና ግብ አነፍናፊ የሆነ አጥቂ ማፍራት አልቻሉም የሚል ትችት ተነሣ። ከላይ የተገለጸው የሕፃናቱ የትንንሽ ሜዳ ጨዋታ በመላ አገሪቱ ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ግዴታ የሆነውም በዚህ መንፈስ ነው። ተቃውሞ አልጠፋም፤ በወቅቱ የዶርትሙንድ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሃንስ ዮአኪም ቫትስከ ሽንፈትን ሳያውቅ ያደገ ልጅ የማሸነፍ ጥንካሬ አይኖረውም በማለት ተከራክረዋል። ይሁን እንጂ በእነዚያ ጠባብ ሜዳዎች ላይ ልጁ በአንድ ጠዋት ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፣ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል፤ የቀረው የደረጃ ሰንጠረዡ ብቻ ስለሆነ ክርክሩ መሠረቱ የጸና አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ17 ዓመት በታች የአውሮፓና የዓለም ዋንጫዎችን በአንድ ዓመት ያነሣው የጀርመን ቡድን ደግሞ የላይኛው እርከን ፈጽሞ እንዳልደረቀ አሳይቷል።

ከዚህ ሥርዓት ለኢትዮጵያ የሚሆነው የትኛው ነው ቢባል፣ አካዳሚው፣ ማደሪያውና የሕክምና ክፍሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው፤ ሁለቱ ዋና መሠረቶች ግን አይጠይቁም። አንደኛው እውነተኛ ዕድሜ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየት የጀመረው የዕድሜ ማጭበርበር ስለበዛ ነው፤ የዕድሜ እርከን የሚሠራው የልደት ቀን እውነት ሲሆን ብቻ በመሆኑ፣ ዕድሜውን ቀንሶ የገባ አንድ ልጅ በትክክለኛ ዕድሜው የመጣውን ሌላ ልጅ ቦታ ይወስዳል። ሁለተኛው የጨዋታው መጠን ነው። በየሰፈሩ ፕሮጀክት እየተባሉ በሚጠሩት የታዳጊ ሥልጠናዎች ላይ የሚደክሙ አሠልጣኞች የ7 እና የ8 ዓመት ልጆችን በትልቅ ሜዳ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ከማሰለፍ ይልቅ፣ ሜዳውን በኖራ ወይም በድንጋይ ምልክት ከስድስትና ከሰባት ቦታ ከፍለው ሦስት ለሦስት ያጫውቷቸው፤ ወላጆችም ውጤቱ ስንት ለስንት ነው ብለው ከመጠየቃቸው በፊት ልጃቸው ኳስ ምን ያህል ጊዜ እንደነካ ይጠይቁ።