ድመት የዋጠችው ጠጉር

ድመት እጅ ስትልስ ምላሷ ሞረድ ይመስላል። ላዩ በጥቃቅን እሾሆች የተሞላ ነው፤ የተሠሩትም ጥፍርና ጠጉር ከተሠራበት ከኬራቲን ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አሌክሲስ ኖኤልና ዴቪድ ሁ የተባሉ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች የእሾሆቹ ጫፍ የተቦረቦረ መሆኑን፣ ምራቅ ይዞም እስከ ቆዳዋ ድረስ እንደሚያደርስ አሳይተዋል። ድንቅ የመታጠቢያ መሣሪያ ነው። ችግሩ እሾሆቹ በሙሉ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ መሆናቸው ነው። ድመቷ ራሷን ስትልስ የተነቀለው ጠጉር እዚያው ይያዛል፤ መትፋቱ ስለማይሆንላት ትውጠዋለች።

ጠጉር በሆድ ውስጥ አይፈጭም። ጤነኛ ድመት አብዛኛውን ከዓይነ ምድሯ ጋር ታስወግደዋለች። በብዙ እንስሳት ሆድ ባዶ ሲሆን ከጨጓራ የሚነሣ ብርቱ ሞገድ የተረፈውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ አንጀት ያወርዳል። የድመት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ጨጓራዋ ውስጥ ጠጉር የሚጠራቀመው በዚህ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። የተጠራቀመው ተጠቅልሎ በትውከት ይወጣል። ድቡልቡል ሳይሆን ሞላላ ሆኖ የሚገኘው በጠባቡ የምግብ ቧንቧ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነና ድመቷ ወዲያው ወደ ምግቧ ከተመለሰች አያስጨንቅም። እንደ ፐርሺያን ባሉ ጠጉረ ረጃጅም ዝርያዎች ላይ ይበዛል።

ምግብ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው የድመት ምግብ ዋና ምሥጢሩ ፋይበር ነው። ፋይበር ጠጉሩን አያሟሟውም፤ ሳይጠቀለል ከምግቡ ጋር ቀላቅሎ ወደ ታች ይወስደዋል እንጂ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሲሊየም የተባለ፣ ውሃ ሲነካው የሚዝለገለግ የዘር ገለባ የገባበትን ምግብ ፈትሾ ነበር። ጠጉረ ረጃጅሞቹ ድመቶች በዓይነ ምድራቸው ብዙ ጠጉር አስወገዱ፤ በጠጉረ አጫጭሮቹ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ተራ የቤት ድመት ያለው ሰው ለዚህ ምግብ ተጨማሪ ገንዘብ ባያወጣ የሚቀርበት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ውሃም ይታሰብበት። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ ከደረቅ ምድር ከመጣው ከአፍሪካ የዱር ድመት ስለሚመዘዝ ቶሎ አትጠማም። ደረቅ ምግብ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ብቻ ውሃ ሲኖረው፣ የታሸገው እርጥብ ምግብ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ደረቁን ብቻ ለምትበላና የሆድ ድርቀት ለሚያጠቃት ድመት እርጥቡን መቀላቀል ይጠቅማል። ጥቂት የተቀቀለ ዱባ፣ ጨውም ዘይትም ሳይነካው፣ በሻይ ማንኪያ ተለክቶ ከምግቧ ጋር ቢለወስላትም ፋይበርም ውሃም ታገኛለች።

እኛ ቤት ግን ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት ሌላ ነው፤ ወጥ የነካው ፍርፋሪ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም ቢደርቁም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ሆዷን ያለሰልስላታል ተብሎ የሚሰጣት ወተትም ብዙዎቹን ያደጉ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ከሁሉ የከፋው ዘይት ወይም ፓራፊን በግድ አፏ ውስጥ ማንቆርቆር ነው፤ ወደ ሳንባዋ ከገባ ለከባድ የሳንባ ምች ይዳርጋታል። ጠጉሩን የሚያሙለጨልጭ ቅባት ካስፈለገ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘውን፣ እሷው ልሳ የምትውጠውን መስጠት ይሻላል።

ምግብ የሚሠራው ከተዋጠ በኋላ ነው፤ የሚዋጠውን የሚቀንሰው ማበጠሪያ ነው። ጠጉረ ረጅም ድመት በየቀኑ ብትበጠር መልካም ነው። ድመቷ ድንገት ራሷን አብዝታ መላስ ከጀመረች ግን ቁንጫ፣ አለርጂ ወይም የሚያማት ቦታ ሊኖር ስለሚችል ምግብ መቀየሩ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የጠጉር ጥቅል በየሳምንቱ የምታወጣም የአንጀት ሕመም እንዳለባት መመርመር አለባት። እያቅለሸለሻት ምንም የማይወጣት፣ ምግብ እምቢ ያለችና ዓይነ ምድር የከለከላት ድመት አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትወሰድ። አጎንብሳ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ደጋግማ የምትስልና ጠጉር የማይወጣትም ብዙ ጊዜ የጠጉር ነገር ነው ተብላ ትታለፋለች፤ አስም ሊሆን ይችላል። ስትስል በስልክ ቀርጾ ቪዲዮውን ለሐኪሙ ማሳየት ሁለቱን ለመለየት በጣም ይረዳዋል።